ከሦስቱ አንዱ

ውድ ሎይዜ፤

ልጅህ ሶንያ ሐሙስ መኪና ይዛ ትመጣለች። ቤቱ ተሸጧል። የገዙት ከሲድኒ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ በረዶ ላይ ለመንሸራተት በዓመት አንዴ ብቅ ሊሉበት ነው። ሚስትየዋ ወጥ ቤታችንን አየት አድርጋ “ይሄ ሁሉ ይፈርሳል” ስትል እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንተ ብትኖር የምትመልስላትን አውቀዋለሁ፤ ደግነቱ አይገባትም ነበር።

እንግዲህ መሄዴ ነው። “ከዚህ ተራራ እግሬ አይነቀልም” ስትል የኖርከው አንተ ቃልህን ጠብቀህ እዚሁ ቀርተሃል። እኔ ተሸነፍኩ። እንዴት እንደተሸነፍኩ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ደግሞ ከማን ልትሰማ ነው፣ እኔም እኮ የማልለው የለኝም!

ነገሩ የጀመረው ገና ሰሞን ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም፣ ሶንያ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋዋን እየበላች ስለ ሜልበርን ትሰብከኛለች። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ድንቼን እልጣለሁ። በመጨረሻ መረራትና ያን ታብሌቷን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

“እንኪ፣ እኔን ካላመንሽ ይሄን እመኚ” አለችኝ።

የአገሩን ሰፈር ሁሉ መረጃ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። የሰፈርህን ስም ትጽፋለህ፣ ካርታው ይመጣል፣ ከዚያ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ዕድሜው፣ ገቢው፣ ስንቱ ብቻውን እንደሚኖር፣ ሁሉን ነገር ይዘረግፍልሃል። ሶንያ “ኩልጋራ” ብላ ጻፈች። የእኛ ኩልጋራ፣ አንድ ዳቦ ቤትና አንድ ነዳጅ ማደያ ያላት፣ ከእነ ጉዷ ብቅ አለች።

“አየሽ? ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ሽማግሌ ነው። ሐኪም የለም። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰዓት መንዳት አለብሽ፤ አንቺ ደግሞ መንዳት ትተሻል።”

“አልተውኩም። መንጃ ፈቃዴን ነው የቀሙኝ።”

“ያው ነው እማ!”

“ያው አይደለም።”

“እሺ፣ ያው አይደለም። ግን ይሄን እኔ አይደለሁም የምለው፤ መንግሥት ነው ቆጥሮ ያወጣው።”

ታብሌቱን ተቀበልኳትና በጣቴ ወደ ታች ገፋሁት፤ እሷን ዝም ለማሰኘት እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። ሰዎች በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ የሚል መጣ። እንግሊዝኛ። ጀርመንኛ። ጣሊያንኛ። ቀጥሎ ስሎቬንኛ፣ ከጎኑ ሦስት።

ሎይዜ፣ ልቤ ቀጥ አለች። አንተ ከሞትክ ወዲህ በዚህ ተራራ ላይ የእኛን ቋንቋ የምናገር እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎች አሉ! ምናልባት የማደያው መንገድ ላይ፣ ምናልባት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እነሱም እንደ እኔ ብቻቸውን የቀሩ መስሏቸው አፋቸውን ዘግተው የተቀመጡ።

“ሁለት ሰው አለኝ እዚህ” አልኳት ሶንያን። “ሰው ያለኝን አገር ጥዬ የትም አልሄድም።”

“እማ፣ ምናልባት…”

“ምናልባት የለም! መንግሥት ነው ቆጥሮ ያወጣው አላልሽኝም?”

በሳቅ ፈነዳች። የአንተ ልጅ አይደለች፣ ውርርድ ስትወድ! የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል አንዳቸውን እንኳ ካገኘሁ ሜልበርንን ዳግመኛ ላታነሳብኝ፣ ካላገኘሁ ደግሞ ያለ ንትርክ ልከተላት ተጨባበጥን።

ቤቱ ብቻ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ቃላት እየጠፉብኝ ነው፣ ሎይዜ። ባለፈው ዱቄት ልነፋ ብዬ የወንፊት ስም በቋንቋችን ጠፋኝ። ወንፊቱን በእጄ ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እንጃ፤ ሞኝ! ማንን እጠይቃለሁ? ሶንያ ስናገር ትሰማኛለች፣ የምትመልስልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከአንተ መቃብር ጋር አወራለሁ፤ አንተ ደግሞ በሕይወትህም መልስ ላይ ሰነፍ ነበርክ።

ሶንያ ትንሽ ልጅ ሳለች “ለምንድነው ሁለት ዓይነት ‘እኛ’ ያላችሁ?” ብላ የጠየቀችህ ትዝ ይልሃል? አንተ ጫማህን እያወለቅክ “አንዱ ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ሚድቫ የምንለው ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለእኔና ለእናትሽ” አልካት። “እኔስ?” ብላ አለቀሰች። ያን ቃል እኔ ከሁለት ክረምት ወዲህ ለሰው ብዬው አላውቅም። የሚባልለት ሁለተኛ ሰው ሲጠፋ ቃሉ ምን ይሠራል? አፍ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሻግታል።

ፍለጋውን እንደ እብድ ተያያዝኩት። ዳቦ ቤት ስገባ በቋንቋችን ሰላምታ “ዶበር ዳን”፣ ፋርማሲ ስገባ “ዶበር ዳን”። ሰዉ “ደህና ነሽ ሚልካ?” እያለ በሐዘን ያየኛል፤ አእምሮዋ ተነካ ብለው ሳያወሩብኝ አልቀሩም። በሰፈሩ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ በቋንቋችን “ይህን ማንበብ የምትችል ሰው ደውልልኝ” ብዬ ለጠፍኩ። አንድ ሰው ደወለ። ሮጬ አነሳሁት። “ውሻሽን ሳላገኘው አልቀረሁም” አለኝ፤ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ መስሎት!

ጎረቤታችን ኬቭ ነገሩን ሰምቶ በአጥሩ ላይ ተንጠላጠለ።

“ከሦስቱ አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም” አለኝ።

“አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህና?”

ጉሮሮውን ጠረገና ያኔ ለግድቡ ሥራ አብራችሁ ዋሻ ስትቆፍሩ ያስተማርከውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ደረደረልኝ። አይ አንተ! ሰውየውን እንዲህ ብለህ ነው ያሠለጠንከው? አንዲት እንኳ “እንደምን አደርክ” አላስተማርከውም። አጥሩን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መጸው ሲገባ አንድ አሳብ መጣልኝ። የእኛ ሰው እንጉዳይ በወጣበት ጊዜ ቤቱ አይቀመጥም፤ እዚህ አገር ደግሞ ከጫካ እንጉዳይ ለቅሞ የሚበላ የለም፣ መርዝ ነው ብለው ይሸሹታል። ስለዚህ ቅርጫት ይዤ የጥዱ ጫካ ውስጥ አደፍጥ ጀመር። ኬቭ ነው የሚያደርሰኝ። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፣ “ያዝሽ?” እያለም ይጮህልኛል።

አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ ቅርጫት የያዘ ሽማግሌ አየሁ። አጎንብሷል። እንጉዳዩን ነቅሎ አይጥልም፤ በቢላ ከአገዳው ይቆርጠዋል፣ ልክ እንደ እኛ። ሎይዜ፣ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። ስደርስበት ትንፋሼ ተቆራርጦ በቋንቋችን “ወንድሜ፣ የት ነበርክ እስከዛሬ?” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ እንዴት ደግ ነበር መሰለህ! የሆነ ነገር መለሰልኝ፤ ግማሹ የሚገባኝ ይመስላል፣ ግማሹ አይገባኝም። ፖላንዳዊ ነው። ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። ሁለታችንም ትንሽ ቆምንና ስለ እንጉዳይ በእንግሊዝኛ አወራን። ከቅርጫቱ ትልልቆቹን መርጦ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ጣልኳቸው፤ የሚበላ ሆድ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ብሮንዊንን ታውቃታለህ፤ ያቺ ቀይ መነጽር የምታደርገው፣ ኮምፒውተር ለአሮጊቶች የምታስተምረው። ድረ ገጹን ክፈቺልኝ አልኳት። ኩልጋራን ስታመጣ ጣቴን ሦስቱ ላይ ቀሰርኩ።

“እነዚህ ሰዎች የትኛው መንገድ ላይ እንደሚኖሩ አሳይኝ።”

ብሮንዊን ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። “እትዬ ሚልካ፣ ይሄን ቁጥር እንዲህ አድርገው አይመኑት።”

“ለምን፣ ውሸት ነው?”

“ውሸት እንኳ አይደለም። ትንንሾቹን ቁጥሮች ሆን ብለው ነካ ያደርጓቸዋል። በአንድ ሰፈር አንድ ወይ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ማን እንደሆነ ይታወቃላ! ሰዎቹን ለመደበቅ ሲሉ ወይ ዜሮ ያደርጉታል፣ ወይ ወደ ሦስት ከፍ ያደርጉታል።”

“ከማን ነው የሚደብቁኝ?”

“ከሁሉም።”

“ኧረ እኔን የሚፈልግ ማን አለና!”

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ደግሞ ይሄ የዘንድሮ ቆጠራ አይደለም። ዓመታት አልፈውታል። ያኔ እኮ ጋሽ ሎይዜ ነበሩ” አለችኝ።

ስክሪኑን አየሁት። እንደገና አየሁት። ለካ ከሦስቱ አንዱ አንተ ነህ። አንዷ እኔ። ሦስተኛው ማንም አይደለም፤ እኔና አንተን ለመደበቅ ከላይ የጣሉብን ብርድ ልብስ ነው። ስንት ወር ሙሉ ጫካ ለጫካ የተንከራተትኩት አንተን ፍለጋ ነበር። እዚያ ድረ ገጽ ላይ አልሞትክም። አሁንም ወጥ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብለህ ትናገራለህ፣ እኔም እመልስልሃለሁ።

ብሮንዊን ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልታጽናናኝ ፈልጋ “አዲሱ ቆጠራ ነሐሴ ላይ ነው፣ ትክክለኛው ያኔ ይታወቃል” አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ! ያኔ እኔም እዚህ አልኖርም። ዜሮ ብለው ይጽፋሉ፤ የማንንም ስም ለመደበቅ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ብቻ ነው የሚጽፉት።

ለሶንያ ደውዬ ነገርኳት። አሸነፍኩ ብላ ትፈነጥዛለች ብዬ ነበር። ስታለቅስ ሰማኋት።

“ውርርዱን እርሺው እማ። ከፈለግሽ እዚያው ሁኚ። በየወሩ እመጣለሁ።”

“ተጨባብጠናል” አልኳት።

“እኔ እኮ ቀልዴን ነበር!”

“እኔ የምሬን ነበር።”

እውነቱን ልንገርህ፣ ውርርዱ አይደለም። ሁለት ሰዎች አሉ ብዬ ሳምን ማለዳ የምነሳበት ምክንያት ነበረኝ፤ ጸጉሬን አበጥር ነበር፣ ቢመጡ ብዬ ኬክ እጋግር ነበር። አሁን ግን ማንም እንደማይመጣ እያወቅኩ ያን በር ማየት አልችልም። እፈራዋለሁ። ሜልበርን የእኛ አገር ሴቶች በየሳምንቱ የሚሰባሰቡበት ቤት አለ ትላለች ሶንያ። እሄዳለሁ። እነሱም “እኛ” ይላሉ፣ እኔም እላለሁ፤ የሰፈሩን “እኛ”። የሌላኛው “እኛ” ባለቤት አንተ ነበርክ፤ ማንም አሮጊት አትተካህም። ናፍቀኸኛል፣ ሎይዜ። ከዚህ ሌላ አሳምሬ የምለው የለኝም።

ትናንት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ዛሬ ኬቭ ወደ አንተ ዘንድ ያደርሰኛል። መቃብርህን ሊያጸዳ፣ አረሙን ሊነቅል ቃል ገብቶልኛል፤ አመልህን ያውቃልና ደህና ይጠብቅሃል። በቋንቋችን የጻፍኩትን ይህን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ከድንጋይህ ሥር አስቀምጠዋለሁ። የጓዳችንን ነገር ሁሉ በግልጽ ጻፈችው ብለህ አትሸማቀቅ፣ ሰው አንስቶ ያነበዋል ብለህም አትስጋ። ፈልጌ አይቻለሁ፤ ማንም የለም።

ሚስትህ
ሚልካ