የኤልቢዮ ደም ወፈረ

ለውድ እናቴ ለዶና ኢርማ፣ ታምቦሬስ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱ የጉልበትሽን ሕመም አላስነሳብሽም? በጎቹስ ወለዱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምልሽ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ኤልቢዮ ሆስፒታል ገብቷል። አንቺ ዛሬም «ሴት ልጄ» እንደምትዪው አውቃለሁ። እኔ ግን ወንድሜ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ሌላ አፍ የለኝም።

የወንድ ሆርሞኑን መርፌ ሐኪም ባዘዘለት ልክ ሲወጋ ደህና ነበር። ፊቱ ብጉር አወጣ፣ ድምፁ ጎረነነ፤ በዚያ አብረን እንስቅ ነበር። ጢሙ ሲዘገይበት ግን ትዕግሥት አጣና ስፖርት ቤት ካገኘው ሰው መርፌ እየገዛ በላዩ ይጨምር ጀመር። ፊቱ ቀላ፣ ራሱን ያመው ነበር፣ ተኝቶ ሲያንኮራፋም ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። «ኧረ ተው» ስለው «ጢሙ ያንቺ ስላልሆነ ነው የማትቸኩዪው» እያለ ያሾፍብኛል።

ባለፈው ሳምንት ብርቱካን ከሚያሽግበት መጋዘን እግሩ አብጦ ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡት። መርፌው ሲበዛበት ደሙ ወፍሮ እግሩ ውስጥ ረግቷል። ሐኪሞቹ የረጋው ደም ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ፈርተዋል። ሐኪሟ «መርፌው ለጊዜው ይቁም፤ ሲሻልህ በትንሹ፣ እኛው እየተከታተልንህ ትጀምራለህ» አለችው። «የወር አበባዬ ከሚመለስብኝ እግሬ ይቆረጥ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ምን ልበል? ቀጥል ብለው ገደልኩት፤ ተው ብለው በቁሙ ቀበርኩት።

አንቺ በስልክ «እግዜር ቀጣት» አልሽኝ። አልተቀጣም እማዬ፣ ታመመ እንጂ። የጎረቤት ልጅ ቢታመም እኮ ሾርባ ይዘሽ ትሄጃለሽ።

ትናንት እግሩን ትራስ ላይ ሳደርግለት «እማ ስለ እኔ ጠየቀች?» አለኝ። አዎ ብዬ ዋሸሁት። «ተሻለው ወይ ነው ያለችሽ፣ ወይስ ተሻላት ወይ?» አለኝ። ትራሱን እንደገና አስተካከልኩለት።

አክስቴን ኔሊን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን አባባ ራሞንን «ሳልዎ እንዴት ሆነ?» በዪልኝ። ኤልቢዮ ሰላምታ አድርሺልኝ አላለኝም፤ ግን የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ከትራሱ ቀና ይላል።

ልጅሽ ናይር
ሳልቶ፣ ኦገስት 14 ቀን 2019