በእጄ ያጎረስኩት ባለ አራት ኮከብ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጁምዓ፣ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጠልሀ ሐሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህልኝ? እዚያ ኮሌጃችሁ ሜዳው በረዶ ለብሷል ብላ እህትህ አፍናን ነገረችኝ፤ ካልሲ ደርብ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህ ማህፉዛ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ሙሉ ጤነኛ ነው። አፍናን ነርሲንጓን ልትጨርስ አንድ ሴሚስተር ቀርቷታል። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማታውቀው አማርኛ ካጋጠመህ እሷን ደውለህ ጠይቃት። እናትህን ግን እንዳትጠይቅ፤ እሷ የምትፈልገው ሌላ መልስ ነው።

ደብዳቤ መጻፌ አያስደንግጥህ፤ የሞተ ሰው የለም። ባለፈው እሑድ በስልክ የጠየቅኸኝን በስልክ መመለስ ስላቃተኝ ነው። «አባ፣ ፖርታሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል። ልውጣ ወይስ ልቆይ?» አልከኝ። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ አንተ ቀጠልክ፤ «የሚተካኝን ልጅ እኮ እኔው ራሴ ነኝ ሪክሩት አድርጌ ያመጣሁት! እናንተ ናችሁ እንደዚህ ያሳደጋችሁኝ» ብለህ ዘጋህብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን መልሼ ደውዬ ልክህን አስገባህ ነበር። የተናገርከው እውነት ስለሆነ ስልኩን አስቀመጥኩት።

እናትህ ስልኩን ሰምታ ኖሮ «ፖርታል ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ያዘችኝ። «ተጫዋች ኮሌጅ መቀየር ሲፈልግ ስሙን የሚያስገባበት ነው፤ ከዚያ የፈለገው አሠልጣኝ ይወስደዋል» አልኳት። የድሮው አሠልጣኝህ ሰሜን ካሮላይና ሌላ ኮሌጅ ገብቶ «በሬ ላንተ ክፍት ነው» ማለቱን አፍናን አስቀድማ ነግራታለች። «ልጄ ካሮላይና ሊሄድብኝ ነው በለኛ!» አለችና ማማሰያውን አስቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ስምህ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ቀን ቻምበርስ ሮድ በነበረው አፓርትማችን ጠረጴዛውን ከበን ተቀምጠን ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርክ። የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወቱ የአገሩን ልጆች ሁሉ እየመዘነ ኮከብ የሚያድለው ድረ ገጽ ፎቶህን፣ ቁመትህን፣ ክብደትህን አወጣና ከሥሩ ሁለት ኮከብ ለጠፈልህ። ከአምስት ሁለት። አንተ ግን ዘለልክ፤ «አባ፣ እኔን የሚያውቁ ሰዎች አሉ!» ብለህ። ያ ፊትህ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እናትህ ስልኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችና «ሦስቱን ለማን ሰጡብን?» አለች።

በማግስቱ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ለታክሲ ጓደኞቼ አሳየሁ። ባሕሩን ታውቀዋለህ፣ ሰው ሳይነካ ምሳው አይወርድለትም። «ሁለት ኮከብ? ሆቴል ቢሆን እኔ አላድርበትም» አለ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በንዴት የኮከብን ነገር ማጥናት ጀመርኩ። ተራዬ እስኪደርስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የየኮሌጁን የምልመላ ደረጃ ሳገላብጥ እውል ነበር። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮከብ ውሸት መሆኑን ማረጋገጥ። አላገኘሁም። «ኮከብ ወረቀት ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ ዋጋ የለውም» እያለ የሚያጽናናህን ሁሉ አትመን። በየዓመቱ ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከቦቹን አፍሰው የሚወስዱት ኮሌጆች ናቸው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ዋንጫ ሲሻሙ የሚታዩት። አልፎ አልፎ ማንም ያልጠበቀው ቡድን ብቅ ይላል፤ ሰው ስለ እሱ አውርቶ የማይጠግበው ብርቅ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የድሮውን የተካው አዲሱ አሠልጣኝህ ኮከብ ማሳደዱ ሞኝነት አይደለም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ኮከብ ስለ ብዙ ልጆች ባንድ ላይ ሲናገር እምብዛም አይስትም፤ ስለ አንድ ልጅ ሲናገር ግን ይገምታል እንጂ አያውቅም። ሱሑር በልተህ ክብደት ልታነሳ ስትወጣ፣ በጾም አፍህ ከሌሎቹ እኩል ስትሮጥ ማን መጥቶ መዘነህ? የድሮው አሠልጣኝህ ግን አየህ። ሁለት ኮከብ ይዘህ ገብተህ በሁለተኛ ዓመትህ ቋሚ ተሰላፊ ሆንክ። ባሕሩ የዚያን ሰሞን ለተራው ሁሉ ሻይ ገዛ፤ ይቅርታ ማለት ስለማይችል እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከዚያ ኮልተን መጣ። እንደ እኛው ከዴንቨር ዳር፣ የቶርንተን ልጅ፣ ባለ አራት ኮከብ፣ ያውም ባንተው ቦታ፣ የኋላ ተከላካይ። ኮሌጃችሁን ሊጎበኝ ሲመጣ አዲሱ አሠልጣኝ «ሁለታችሁም የዴንቨር ልጆች ናችሁ፤ አንተ አስተናግደው» አለህ። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ግቢውን አዙሮ አሳይቶ፣ ፒዛ አብልቶ ይሸኘው ነበር። አንተ አልጋህን ለቀህለት መሬት ተኛህ። ስለ ልምምዱ ሲጠይቅህም ክፉውንም ደጉንም ሳትደብቅ ነገርከው። ለታንክስጊቪንግ በዓል ስትመጣ ደግሞ ይዘኸው ቤት መጣህ።

የዚያን ቀኑን ምሳ እያስታወስኩ መኪና ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ። እናትህ ከፒዮሪያ ጎዳናው ሐላል ሥጋ ቤት ያመጣችውን የቱርክ ዶሮ በበርበሬ አሽታ አቀረበችው። ልጁ ግንባሩን አላበው፣ ጆሮው ቀላ፣ ግን እጁን አልሰበሰበም። እኔ እጄን ታጥቤ ተነሳሁና በትልቁ ጠቅልዬ ወደ አፉ ሰደድኩ። ወደ አንተ ዞሮ ምን ላድርግ በሚል ዓይን አየህ። «አፍህን ክፈት፣ ከአባቴ ማምለጫ የለህም» አልከው በእንግሊዝኛ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩት፤ ሦስተኛውን እናትህ አከለች። ሲሄድም ለእናቱ ብላ በምርጥ ዕቃዋ ሞልታ አስያዘችው፤ ሁላችንም ብርዱን ችለን መኪናው ድረስ ሸኘነው።

ሳምንት ሳይሞላው ፈረመ። ትልልቅ ኮሌጆች እየጠበቁት ትቶ የእናንተን መረጠ። ጋዜጠኛው ለምን ሲለው «እንደ ቤተሰብ የተቀበሉኝ እነሱ ናቸው» አለ። የኮሌጃችሁ የምልመላ ደረጃ ባንድ ቀን ሽቅብ ወጣ፤ አሠልጣኙም ተጨበጨበለት። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጠርቶ ቦታው የኮልተን እንደሚሆን ነገረህ። ባሕሩ ይህን ሲሰማ «በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል አውቃለሁ፤ የሐሚድ ቤት በሬ ግን አራጁን ያጎርሳል» አለ። ይኸው እስካሁን ተራው ላይ ስሜ «አጉራሹ» ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ እንድትስቅ ነው። ግን «እናንተ ናችሁ እንደዚህ ያሳደጋችሁኝ» ስትል ድምፅህ ሲሰበር ሰምቻለሁ። አዎ፣ እኛ ነን። እንግዳ ምን ሊወስድ መጣ ተብሎ አይጠየቅም ብለን ነው ያሳደግንህ። በዚህ ይቅርታ አልጠይቅህም። ደግሞም ቦታህን የወሰደው ጉርሻው አይደለም። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ ወላሂ ልጁ ይሮጣል።

አንተ ከደወልክ በኋላ፣ በዚሁ ሳምንት፣ ኮልተን ከእናቱ ጋር ቤት ድረስ መጥተው ነበር፤ የእናትህን ዕቃ ሊመልሱ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብሎ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ኩኪስ ሞልተውበታል። እናትህ ልታኮርፋቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ኩኪሱን ስታይ ጊዜ ሻይ አፈላች። ልጁ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና «ጠልሀ እዚያ ስላለ ነው ደፍሬ የፈረምኩት። ያስተምረኛል አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? «ኢንሻአላህ» አልኩት። ያ ቃል ከስንት ነገር አውጥቶኛል።

ጥያቄህ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ልውጣ ወይስ ልቆይ ያልከኝ መልሱ ጠፍቶህ አይደለም። መጫወት ትፈልጋለህ። የቀረህ ሁለት ዓመት ነው፤ እሱንም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ልትጨርሰው ነው። የያዘህ ይሉኝታ ነው። «እንግዳ ጠርቶ ጥሎት ሄደ፣ ቅናት ያዘው» እንዳይሉህ ነው። ይሉኝታንም ያስተማርንህ እኛ ነን። ያሰርንህ እኛ ከሆንን የምንፈታህም እኛ ነን ብዬ ነው ዛሬ ከጁምዓ መልስ ብዕር ያነሳሁት።

ይህን ያህል መዞሬ ግን ወድጄ አይደለም። እነዚያ የጨዋታ ቅዳሜዎች ናቸው የያዙኝ። ሳይነጋ ተነስተን፣ እናትህ ሳምቡሳውን በፎጣ ጠቅልላ፣ አፍናን ከኋላ አፏን ከፍታ ተኝታ፣ ሱብሒን ነዳጅ ማደያ ጎን ሰግደን ስንነዳ። ፀሐይ በቆሎው ማሳ ላይ ስትወጣ እናትህ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ «ይሄ ሁሉ በቆሎ፣ አንድ እሸት የሚጠብስ ሰው የለም?» አራት ሰዓት ሙሉ ነድተን እንደርሳለን። አንተ ለማሟሟቅ ስትወጣ ቀና ብለህ እኛ የተቀመጥንበትን ታያለህ። ጓደኞችህ እንዳይስቁብህ እጅህን አታነሳም። ጨዋታው ሲያልቅ መኪናው ላይ ተደግፈህ ሳምቡሳ እየበላህ፣ እናትህ ክንድህን እየዳሰሰች «እዚህ ጋ ነው የመታህ? የትኛው ነው የመታህ?» ትልሃለች። ብትሸነፉም ብታሸንፉም በመመለሻው ስነዳ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ በሕይወቴ የለም።

ካሮላይና በመኪና አይደረስም። በአውሮፕላን ቢሆን ባመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። እናትህ ቆይ እንድልህ የፈለገችው ለዚህ ነው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ቆይ የሚያሰኝ ምክንያት ስፈልግ ሰነበትኩ። ብዙ አገኘሁ። አንድ በአንድ ሳየው ሁሉም ለእኔ የሚሆን ነው፤ ለአንተ የሚሆን አጣሁበት።

ስለዚህ ሂድ ልጄ። ይህ እንደደረሰህ ስምህን አስገባ። ለኮልተን ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው፤ ራስህ ደውልለት። የትኛው አሠልጣኝ ዝም ብሎ እንደሚጮህ፣ የትኛው እንደሚያዳምጥ፣ የምታውቀውን ሁሉ ንገረው። ከዚያ ወዲያ ማንም የሚወቅስህ ነገር የለም። ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ። ጥቂት ቀን ራት አልበላ ይሆናል፤ እችለዋለሁ።

ባሕሩ «እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልተንን ልታይ ትሄዳለሃ!» እንደሚለኝ ከአሁኑ አውቀዋለሁ። አልሄድም። ልጁን እወደዋለሁ፣ ቤቴ በመጣ ቁጥር አጎርሰዋለሁ። አንተ በቆምክበት ቆሞ ማየቱን ግን አልችልም፤ ያን ያህል ሰፊ ልብ አልተሰጠኝም። ቅዳሜ ጠዋት የት እንደምሄድ ገና አላወቅሁም። እሱን ለእኔ ተወው።

አላህ አጥንትህን ከስብራት፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልኝ። ለምትሄድበት አገር ሰው ያስወድድህ፤ ከፊትህ ደግ ሰው ያቁምልህ። ረመዳን እየቀረበ ነውና እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ መስጊዱ የት እንደሆነ ጠይቅ፣ ሜዳው አይጠፋህም። አንድ ቀን እዚያም ባንተ ቦታ የሚጫወት ባለ ኮከብ ልጅ አምጥተው «አስተናግደው» ይሉህ ይሆናል። አልጋህን ልቀቅለት።

የሚሳሳልህ አባትህ፣
ሐሚድ