የዘንድሮው ሃሎዊን እሳት

ዶኔጋል፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1987

ውድ ማይረድ፣

ከሁሉ በፊት ልጃችን ኢታ ደህና ናት። አሁን አጠገቤ ተኝታለች። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ትናንት፣ በቅዱሳን ቀን ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ እንደየዓመቱ የሃሎዊንን እሳት ልናቀጣጥል ባሕሩ ዳር ተሰብስበን ነበር። የዘንድሮው ክምር ከቤት ጣሪያ ይበልጣል፤ የተሰበረ ጀልባ፣ ሣጥን፣ የአሮጌ አልጋ እንጨት ሁሉ አለበት። ልጆቹ ጭምብል አጥልቀው ይጯጯሃሉ። አንቺ ባለሽበት ግላስጎው በሃሎዊን ማታ ቤት ለቤት የሚዞሩ ልጆች ካልዘፈኑ ለውዝ አይሰጣቸውም ብለሽ ከጻፍሽላት ወዲህ ኢታ ዘፈን ስትለማመድ ነው የሰነበተችው። መንፈስ መስላ የምትለብሰውን ነጭ አንሶላ እኔው ሰፋሁላት፤ ጫፉ ላይ ቀይ ክር ስላለው ከሩቅ እለየዋለሁ። እየዘለለች ሳያት ልቤ አረፈ።

"ምን ትገተራለህ? ለኩሰው እንጂ፣ በብርድ ልናልቅ ነው!" አለኝ ጎረቤታችን ማላኪ።

ለኮስኩት። በባሕሩ በኩል ያለው ጎን ወዲያው ተያያዘ።

ያን ጊዜ ባለ አንሶላዋ ፖም ልትገምጥ ጭምብሏን ገለጠች። የማላኪ የልጅ ልጅ ኑላ ናት!

"ኢታስ?"

"እንዳልናገር አስምላኛለች።"

"ኑላ! የት ናት?"

ጣቷን ወደ ክምሩ ቀሰረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ማላኪ "ውሃ! ውሃ አምጡ!" እያለ ይጮሃል። እኔ ሳንቃውን በእጄ እየመነጨቅሁ ስሟን እጠራለሁ። በመጨረሻ ከተገለበጠው ጀልባ ሥር አንዲት ትንሽ ጫማ ታየችኝ። እግሯን ይዤ ጎተትኳት። ስታስል ስሰማ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። ሐኪሙ ሳንባዋ ምንም አልሆነም ብሏል። የእኔ እጅ ግን ተጠቅልሏል፤ ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚያ ነው።

"ምን ልትሠሪ ገባሽ?" አልኳት።

"አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ በጀልባው ቀዳዳ ይታያላ! እማዬ ስትወርድ ዱብ ብዬ ላስደነግጣት ነበር።"

ማይረድ፣ እመጣለሁ እንዳላልሽ አውቃለሁ። ጥለሽን ከሄድሽ ጀምሮ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ስትነዘንዘኝ፣ አንድ ቀን "ለሃሎዊን ትመጣለች" አልኳት። ዋሸኋት። ክምሩን ሰው እንዳይኖርበት ዞሬ ሳላይ ለኩሼ አላውቅም፤ ትናንት ግን አልዞርኩም። ዓይኔ አውቶቡሱ ላይ ነበር።

ዛሬ የሁሉም ቅዱሳን ቀን ነው፤ ሁሉም ባለሽበት ይጠብቁሽ። ደረትሽን ብርድ እንዳይመታሽ ልበሺ።

ኢታ ስትነቃ ምን ልበላት?

ሎርካን