የአራተኛ ክፍል አፈ ጉባኤ

እናታችን በ1942 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ከስምንት ልጆች አምስተኛዋ ስለነበሩ ተራ ጠብቆ መናገርን የተማሩት ገና ከገበታ ላይ ነው። በ1962 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አራተኛ ክፍልን አስተማሩ። ርእሰ መምህርነት ሲሰጣቸው፣ እዚያ ቢሮ ሕግ ከላይ ይመጣል እንጂ አይወጣም ብለው እምቢ አሉ።

ሕግ አወጣጥን ሲያስተምሩ መጽሐፉን ዘግተው የክፍሉን ሕግ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡ ያደርጉ ነበር። ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ እጅ ማውጣት። "አፈ ጉባኤ" የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸውም በዚሁ ነው። አንድ ዓመት ልጆቹ የቤት ሥራን በሙሉ ድምፅ አስቀሩ። እሳቸውም ሕግ ሕግ ነው ብለው አከበሩና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ልጆቹ የፈተና ውጤታቸውን ሲያዩ በሦስተኛው ሳምንት ሕጉን ራሳቸው ሻሩት። ደብዳቤውን ግን እናታችን በመስታወት አስገጥመው ሳሎን ሰቀሉት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ መስኮት ሰብራለች የተባለች ልጅ ታማ በቀረችበት ቀን፣ ክፍሉ ወር ሙሉ ኳስ እንዳትነካ ወሰነባት። እናታችን ውሳኔውን ከሰሌዳው አጥፍተው "የሚመለከተው ሰው ሳይሰማ የወጣ ሕግ ፈራሽ ነው" ብለው ጻፉ። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። ስመለስ በወጉ ተሰማሁና፣ መስኮቱንም የሰበርኩት እኔው ስለሆንኩ፣ ወሩን ሙሉ ተቀጣሁ።

በ1966 ዓ.ም. ከአናጺው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ወንዶችና እኔን ወልደዋል። አባታችን "እዚህም ምርጫ፣ እዚያም ምርጫ" እያሉ ቢያጉረመርሙም እጃቸውን ሁልጊዜ ከእሳቸው ጋር ያወጡ ነበር።

ባለፈው ዓመት በጠና ታመሙ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ሲያነሣ እኛ ልጆቻቸው እንዳይደነግጡብን ብለን ሳንነግራቸው ቀን ቆረጥን። ደረሱበት። ሁላችንንም አልጋቸው ዙሪያ አስቀምጠው "ፈራሽ ነው" አሉን። ከዚያ የቀራቸውን ጊዜ በቤታቸው መኖር እንደሚፈልጉ ሦስት ደቂቃ ተናገሩና ድምፅ አሰጡን። አባታችን እንደ ልማዳቸው ቀድመው እጃቸውን አወጡ፤ ወንድሞቼም እያለቀሱ ተከተሉ። እኔ አንጀቴ እምቢ አለኝ። እናታችን አልተቆጡም፤ "አንድ ተቃውሞ" ብለው በደብተራቸው መዘገቡና ግንባሬን ሳሙኝ።

ሰባት ወር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ የድሮ ተማሪዎቻቸውን እየተቀበሉና እያሳቁ ኖሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውንና ቆጥረን የማንጨርሳቸውን ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተራ ሳያስጠብቅ ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥልን።

ሦስት ደቂቃዬ አልቋል። እማዬ፣ ያን ቀን ያላወጣሁትን እጅ ይኸው አውጥቻለሁ። በሙሉ ድምፅ ብለሽ መዝግቢልኝ።