ጠበል የነካው ፍላሽ

ሐሙስ፣ ግንቦት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ላፕቶፔ ፍላሼን አላነብ አለኝ። የሕንፃው ንድፍ፣ የወራት ልፋቴ፣ እሱ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የቢሮው ኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶበት ባለፈው ሳምንት ፎርማት ተደርጓል። ባለሕንፃው ደግሞ ነገ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቢሯችን ድረስ ይመጣል።

ፍላሹ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከማተቤ ጋር አስሬው ነበር። ዛሬ ጠዋት እማዬ "ሥራሽ እንዲቃናልሽ" ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ማተብ አይፈታ ነገር፤ ፍላሹ ትዝ ያለኝ ከራስ እስከ እግሬ ከራስኩ በኋላ ነው። ቤት እንደገባን እርጥቡን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ምንም የለም።

ኢምፔሪያል ጋ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ገለባብጦ አየውና "ውኃ ነክቶታል እንዴ?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት አብራኝ የመጣችው እማዬ ቀደመችኝ።

"ኧረ በፍጹም! ውኃ የሚባል አልነካውም።"

አልዋሸችም፤ ከልቧ ነው። እሷ ፊት "ጠበሉ ነው ያበላሸው" እንዴት ልበል?

"ውኃ ቢሆን በስፒሪት ጠርጌ እሞክረው ነበር" አለ ሰውየው። "እንግዲያው ተቃጥሏል ማለት ነው።"

ታክሲ ውስጥ እማዬ እጄን ያዝ አድርጋ "አይዞሽ፣ ነገ ማልደን ሄደን ፍላሹን ራሱን እናስጠምቀዋለን" አለችኝ።

እሺ አልኳት።