ወንዷ ያልተገኘ ዝንብ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ የጥርን ብርድ እንዴት ቻለው? ቅኔ ቤቱ፣ ተማሪዎችዎ እንዴት ናቸው? እናቴስ ደህና ናት? እኔና ልጄ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። አሁን ጡት ጠብታ አጠገቤ ተኝታለች። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ ከዚህ በታች ያለው ንዴት ነው።

እርስዎ የላኩትን ቃል ተማሪዎ ዲያቆን ፍቅረ ሥላሴ አድርሶልኛል። ወንዱ ማን እንደሆነ ሳልናገር ደብረ ወርቅ ድርሽ እንዳልል፣ እርስዎም ለክርስትናዋ እንደማይመጡ። ምስኪን፣ መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። አባቴ፣ እርር ድብን አልሁ። "ወንዱን አምጪ" ስባል ይህ ሁለተኛዬ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና የመጀመሪያውን ልንገርዎ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ በየጅረቱ ድንጋይ እየገለበጥሁ ውኃ ውስጥ የሚያድጉ ነፍሳትን አጠናለሁ። አምና ከይጁቤ በታች ካለው ፀበል በሚወርደው ጅረት ዳር፣ ክንፏን ጀርባዋ ላይ አጣጥፋ ድንጋይ ላይ የምትለጠፍ ቡናማ ዝንብ አገኘሁ። ከታወቁት ዘመዶቿ ከአንዷም ጋር አልገጥም አለችኝ። ችግሩ፣ ያገኘኋቸው ሁሉ ሴቶች ነበሩ። በዚህ ዘር ወንዶቹ ቀድመው ከውኃ ይወጣሉ፣ ሴቶቹን ያገኛሉ፣ ወዲያው ይሞታሉ። ሳሰላው የሚወጡት ጳጉሜ ላይ ነው። በጳጉሜ ደግሞ አገሩ ሁሉ እዚያ ይጠመቃል። እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ ፀበልተኛው መሃል መረብ ይዤ ልንቦጫረቅ? አፈርሁ። መስከረም እስኪጠባ ጠበቅሁ፤ ስደርስ ወንድ የሚባል የለም። ሆዴም ገፍቶ ስለነበር ክንዴን ይዛ ቁልቁለቱን ያወረደችኝ አከራዬ ሥራነሽ ናት።

ሴቶቹን በብርጭቆ አድርጌ ቤተ ሙከራ አስቀመጥኋቸው፤ እንቁላል ጣሉ። ያን እንቁላል በማጉያ መነጽር ቢያዩት! ከጤፍ ያነሰ ነው፤ ቅርፊቱ ግን እንደ ሰፌድ ዙሪያውን የተሰፋ ይመስላል። እስካሁን ከተጻፉት ዘመዶቿ እንዲህ ያለ እንቁላል የምትጥል የለችም። ሌላ ምስክር አያስፈልጋትም።

ይህንኑ ጽፌ ለኃላፊዬ ለዶክተር የሺዋስ ሰጠሁት። አገላብጦ እንኳ ሳያየው መለሰልኝ።

"ወንዱ ሳይገኝ ስም አይሰጣትም" አለኝ።

የስምንት ወር ሆዴን ይዤ ፊቱ ቆሜ ነው ይህን ያለኝ። ዓይኑን እንኳ አላሸሸም። እንቁላሉን ብነግረው እንቁላል ምስክር አይሆንም አለ፤ ወንዱን አምጪ፣ ካጣሽው ተይው።

አልተውሁትም። ውጭ አገር ላሉ የሙያው ሰዎች ላክሁት። ወለድሁ፤ አራስ ቤት ሆኜ የጠየቁኝን እየመለስሁ፣ አርሚ ያሉኝን አረምሁ። ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ሴቲቱና እንቁላሏ ይበቃሉ፣ አዲስ ዝርያ ናት፣ ይታተማል። በማግስቱ የሺዋስ ቤቴ ድረስ መጣ። ሕፃኗ አልጋው ላይ ነበረች፤ ዞር ብሎ አላያትም። የመጣው ጽሑፉ ላይ ስሙን እንዳስገባለት ነው። እኔም አንድ ጊዜ፣ ለሌላ ጉዳይ፣ ስሙን ለምኜው "ትዳሬን አታፍርሺብኝ" ብሎኝ ነበር። በሩን ከፍቼ ቆምሁለት፤ ወጣ። ሥራነሽ ከጓዳ ሆና ያወረደችበትን ስድብ ለእርስዎ አልጽፈውም።

እንግዲህ አባቴ፣ እርስዎም ወንዱን አምጪ አሉኝ። የስንቱን ልጅ ሰብስበው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ለእኔ የተረፈዎት ቃል ይህ ብቻ ነው? ልጄ ደህና ተገላገለች ወይ ብለው አልጠየቁም። ሕፃኗ ማንን ትመስላለች አላሉም። የእሱ ክፋት ከባዳ የመጣ ነውና እችለዋለሁ። የእርስዎ ግን አንጀቴን ቆረጠው። በቁስሌ እንጨት ሰደዱበት።

ሰማንያዋ የፊታችን እሑድ ነው፤ ክርስትና የምታነሣት ሥራነሽ ናት። ትናንት ደብሩ ሄጄ አስመዘገብኋት። የአባት ስም ሲሉኝ የእርስዎን፣ የአያቷን ስም፣ ከነማዕረግዎ ነገርኋቸው። ቄሱ ያውቁዎታል፤ ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ። ልጅቱን አላውቃትም የሚሉ ከሆነ፣ እሑድ መጥተው በሕዝብ ፊት የገዛ ስምዎን ይካዱ።

ጉባኤዎን ያስፋልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ተቆጥቼም ቢሆን በረከትዎን እሻለሁ። ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ቅዳሜ ሚኒባስ ካልያዙ አይደርሱም። ብርድ ነው፣ ጋቢዎን ደርበው ይምጡ።

ልጅዎ