ያልተፈረሙት አስራ አንድ ገጾች

ጥር 3
ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ጉልበቴ ዛሬ ሻል ብሎታል። ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ… ከበረራ ድርጅቱ፣ የበዓል ኮሚቴ ነኝ የምትል ልጅ። «የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪያችን ነዎት፤ ቅዳሜ ጥር 18 ልናከብርዎት ነው።» አሁን? በሰባ አንድ ዓመቴ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሽልማቱን ማን ይሰጣል ብላት «የክብር ሰብሳቢያችን» አለችኝ። ጢሞ! ያ ባለጢሙ የድሮ ካፒቴኔ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ጥር 4
እህቴ ስትነዘንዘኝ ዋለች። «ያለፈ ነገር አታንሺ፣ እቴ። ሂጂና ተቀበይ።» ለእሷ ምን አለባት? የበረራ መዝገቤን ከሳጥን አውጥቼ ፊት ለፊቷ ዘረጋሁት። ረዳት አብራሪ ሆኜ ከጢሞ ጋር የበረርኩባቸው አስራ አንድ ወራት… በየወሩ መጨረሻ ካፒቴኑ ገጹ ግርጌ ይፈርማል። ካልፈረመ ሰዓቱ አይቆጠርም፤ አልበረርሽም ማለት ነው። አስራ አንዱም ባዶ። «ነገ»፣ «ሰኞ»፣ «እስክሪብቶ አልያዝኩም»… ሰዓትሽ አልሞላም ብለው ካፒቴንነቱን ከለከሉኝ። ከዚያም ቢሮ ውስጥ ወረወሩኝ። የመንገደኛ ቅሬታ ስሰማ ጡረታ ወጣሁ።

እህቴ ቡና ልታፈላ ተነሳች። እሰይ።

ጥር 9
ለኮሚቴዋ ልጅ ደወልኩ። ሰብሳቢያችሁ ቤቴ ድረስ መጥቶ መዝገቤን ይፈርም፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አልኳት። «እሳቸው እኮ አዛውንት ናቸው» ትለኛለች። እኔስ ኮረዳ ነኝ?

ጥር 14
መጣ። ከዘራ ይዟል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ውሃ እንኳ አላቀረብኩለትም… እህቴ አቀረበች፣ ከዳተኛ። መዝገቡን ገፋሁለት።

«ዛሬም ቂመኛ ነሽ» አለ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፈርም።»

መነጽሩን አደረገ። አንዱን ፈረመ፣ ሁለተኛውን… ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ለምን እንዳልፈረምኩልሽ ታውቂያለሽ?»

«አትችልም ብለህ ነዋ።»

«ኧረ ባክሽ! ነፋስ ሲበረታ ማሳረፉን ለማን ነበር የምለቀው? ላንቺ አይደል? ብፈርምልሽ ወንበሬን ትወስጂው ነበር።»

ቀሪዎቹን ፈርሞ ሄደ። ይቅርታ የምትል ቃል ካፉ አልወጣችም።

አርባ ዓመት እጄን ስጠራጠር ኖርኩ። ምናልባት እውነትም አልችልም ነበር እያልኩ… እሱ ግን ያውቅ ነበር! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። ከንዴት ነው።

ጥር 15
«ይቅር በይው» ትላለች እህቴ። አልልም።

ጥር 17
ሰዓቱን በእርሳስ ደመርኩት። ሁለቴ። ለካፒቴንነት ከሚያስፈልገው ይበልጣል።

ጥር 18፣ ቅዳሜ
ልጅቷ እየተርበተበተች ደወለች። «አዳራሹ ሞልቷል፣ ሰብሳቢው መድረክ ላይ ወጥተዋል፣ መኪናው በርዎ ላይ ቆሟል… ለሰው ምን እንበል?»

«ካፒቴኗ በረራውን ሰርዛለች በያቸው።»

«የትኛዋ ካፒቴን?»

«እኔ ነኛ!»